«ዋስ» የማን ዋስ ነው? ስለ እንግሊዝኛ ቃላት የመጨረሻ «ኤስ»

እንደሚታወቀው እጩ መምህር ለማስተማር ልምምድ ሲወጣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያሰናዳው የትምህርት ዕቅዱን ነው። ባለፈው የልምምድ ወቅት ከዳባት እስከ ደባርቅ ባለው መንገድ ካሉት ት/ቤቶች በአንዱ፣ ስድስተኛ ክፍል፣ ይዘነው የገባነው ዕቅድም ያማረ ነበር። ዓላማው፣ የመርጃ መሣሪያው፣ ደቂቃው ሁሉ በየዓምዱ ተሞልቷል። ርእሱ በእንግሊዝኛ ቃል መጨረሻ ላይ የምትጨመረው «ኤስ» መቼ «ስ»፣ መቼ «ዝ»፣ መቼስ «ኢዝ» ተብላ እንደምትነበብ ማሳወቅ ነው። ጥቁር ሰሌዳውን ለሦስት ከፈልነው፤ ሕጉን ጻፍን፤ ምሳሌ ደረደርን። ልጆቹ «ፒ፣ ቲ፣ ኬ፣ ኤፍ» እያሉ እንደ ዳዊት ደገሙት። መልመጃ ሰጠን፤ አብዛኛው ተማሪ ሁሉንም አገኘ። እኛም ልባችን ሞላ።

ደወሉ ከተደወለ በኋላ ግን አንዲት ልጅ ትናንት የቀረችበትን ምክንያት በእንግሊዝኛ እንድትነግረን ጠየቅናት። «ማይ ማዘር ዋስ ሲክ» አለች። አርባ ደቂቃ ሙሉ ስለ «ዝ» ስንለፈልፍ ቆይተን «ዋስ»! ይህ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ከኋላ ተቀምጠው ሲከታተሉን የነበሩት መምህራችን ማስታወሻቸውን ሲገልጡ ነገሩ ወደ እኛው ዞረ። ስም ስንጠራ «ሁ ኢስ አብሰንት?» ብለናል። ምሳሌ ስናነብ «ሂስ ቡክስ» ብለናል። ሕጉን በጠመኔ ጽፈን በአፋችን ስናፈርሰው ቆይተናል ማለት ነው። ልጅቷ የተናገረችው ከሰሌዳው የገለበጠችውን ሳይሆን ከእኛ የሰማችውን ነበር።

ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ትምህርትም ግለ ሂስም ነው። የምንለውም ባጭሩ ይህ ነው፦ የእኛ ተማሪ በቃል መጨረሻ «ዝ» ማለት አያቅተውም፤ ምላሱ ደኅና ነው። የሚያሳስተው ዓይኑ ነው። ማረሚያውም መጀመር ያለበት ከሕጉ ሳይሆን ከጥቂት ትንንሽ ቃላትና ከመምህሩ አፍ ነው። ለንባብ እንዲያመች እዚህ የምንጠቅሳቸውን የእንግሊዝኛ ቃላት ሁሉ እንደ ድምፃቸው በፊደላችን ጽፈናቸዋል።

እስቲ መጀመሪያ ነገሩ የሚያስከትለውን እንይ። «ዎዝ» የሚባለውን ቃል «ዋስ» ብለን ስናነብ በአማርኛ ዋስ ጠራን። የማን ዋስ? «ሂዝ» ማለት ሲገባን «ሂስ» ብለን ሰው ተቸን። ቁልፎች ለማለት «ኪዝ» በማለት ፈንታ «ኪስ»፣ ንቦች ለማለት «ቢዝ» በማለት ፈንታ «ዕድለ ቢስ» እንደሚባለው «ቢስ» እንላለን። «ዳዝ» የተባለችው ረዳት ግሥማ ሜዳ ላይ «ዳስ» ሆና ትጣላለች። ይህን የጻፍነው ለሳቅ ብቻ አይደለም። ልጆቹም ይሥቃሉ፤ የሣቁበትን ቃል ደግሞ አይረሱትም። በክፍል ውስጥ ብንጠቀምበት ከብዙ ማብራሪያ ይበልጣል።

አሁን ወደ ምላሱ እንምጣ። ጀርመኖችና ሩሲያውያን እንግሊዝኛ ሲማሩ በመጨረሻ ቦታ ላይ ያለ «ዝ» በእርግጥ ይቸግራቸዋል፤ በገዛ ቋንቋቸው በቃል መጨረሻ የሚገኝ ነዛሪ ድምፅ ንዝረቱን ያጣልና። አማርኛችን እንዲህ ዓይነት ጠባይ የለውም። ወንዝ እንላለን፣ ጋዝ እንላለን፣ ጓዝ፣ ሩዝ፣ መርዝ፣ ምርኩዝ፣ ጉዝጓዝ። ማንም ልጅ «ወንስ ወረድኩ» ወይም «መርስ ጠጣ» ሲል ሰምተን አናውቅም። በሌላ በኩል ፈረስ፣ ገብስ፣ ጥርስ፣ ነፍስ ብለን በ«ስ» የምንጨርሳቸው አሉ። ሩዝና ሩስ አንድ እንዳልሆኑ የአንደኛ ክፍል ተማሪም ያውቃል። እንግዲህ «ፔንዝ» ለሚለው ቃል «ወንዝ»ን ያህል ዝግጁ የሆነ መጨረሻ ከየት ይመጣል? «ን» እና «ዝ» አንድ ላይ፣ ምንም አናባቢ ሳይገባባቸው፣ ከእናቱ ጡት ጋር የጠባው ነው።

ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? ጽሕፈቱ ነው። በእኛ ፊደል «ሰ» ሌላ «ዘ» ሌላ ነው፤ ያየነውን እንላለን። በእንግሊዝኛ ግን በቃል መጨረሻ የሚሰማው «ዝ» አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው በ«ኤስ» ነው። ነገሩ ጥንታዊ ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ ድምፁ በቃል መካከል ወደ «ዝ» ሲለወጥም የሚጻፈው በዚያው በ«ኤስ» ነበር፤ «ዜድ» እንግዳ ፊደል ነበረች፤ ዛሬም ብዙ ሥራ አልተሰጣትም። ፊደሉን አምኖ ማንበብ የለመደ የእኛ ልጅ «ኤስ»ን ባየ ቁጥር «ስ» ቢል ታዲያ ምን ያስደንቃል? የታመነ አንባቢ ስለሆነ ነው የተሳሳተው።

ከዚህ በመነሣት ትምህርቱ ከየት ይጀመር ለሚለው ጥያቄ የእኛ መልስ ከተለመደው ይለያል። ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ከብዙ ቁጥር ሕግ ነው። እኛ ግን ከ«ኢዝ»፣ «ዎዝ»፣ «ሃዝ»፣ «ሂዝ»፣ «አዝ» እና «ዳዝ» ይጀመር እንላለን። እነዚህ ቃላት በእያንዳንዱ ገጽ፣ በእያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ማለት ይቻላል፣ ይገኛሉ። አንድ ተማሪ በቀን አምስት ጊዜ ብዙ ቁጥር ቢናገር ሃምሳ ጊዜ «ኢዝ» ይላል። ሃምሳውን አበላሽቶ አምስቱን ቢያስተካክል ምን ይረባዋል? ከእነርሱ ጎን ለጎን በእርግጥ በ«ስ» የሚያልቁትን «ዚስ»፣ «የስ»፣ «አስ» (እኛን ማለት ነው) እና «ባስ» ማስያዝ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ልጁ ሁሉንም «ዝ» አድርጎት ያርፋል። እኛ በመኝታ ክፍላችን ለአንድ ሳምንት የተለማመድናት ዐረፍተ ነገር «ዚስ ኢዝ ሂዝ ባስ» የምትለዋ ናት። ስ፣ ዝ፣ ዝ፣ ስ። በዝግታ ቀላል ናት፤ ፈጠን ሲሉባት ሰውን ታጋልጣለች። (የ«ዚስ» የመጀመሪያ ድምፅ ምላስን በጥርሶች መካከል የሚያስወጣው ነው፤ እሱ ሌላ ጣጣ ስለሆነ ለሌላ ዕትም እንተወው።)

ልዩነቱን ለማሳየት መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም። መዳፍን ማንቁርት ላይ ማድረግ ነው። «ስስስስ» ሲሉ ጉሮሮ ጸጥ ይላል፤ «ዝዝዝዝ» ሲሉ ይነዝራል። ሁለት ጆሮን በእጅ ደፍኖ ማለቱ ደግሞ የበለጠ ነው፤ «ዝ»ው ራስ ውስጥ እንደ ቀፎ ይጮኻል። ስድሳ ልጆች ባሉበት ክፍል ሁሉም አንድ ጊዜ ጆሮውን ደፍኖ ንብ ሲሆን የሚሰማውን ድምፅ ጎረቤት ክፍል ያሉት መምህር ላይወዱት ይችላሉ፤ አስቀድሞ ማስፈቀድ ነው።

አሁን ወደ ሕጉ እንመለስ፤ ሕጉ ይቅር አላልንም፤ ሁለተኛ ይሁን ነው ያልነው። የብዙ ቁጥሯን «ኤስ»፣ የባለቤትነቷን «ኤስ» እና በአሁን ጊዜ ግሥ ላይ ለሦስተኛ መደብ ነጠላ ቁጥር የምትጨመረዋን «ኤስ» እንግዳ ናት ብለን እናስብ። እንግዳ ያደረበትን ቤት ደንብ ያከብራል። ቃሉ የሚያልቀው ጉሮሮ በማይነዝርበት ድምፅ ከሆነ፣ ማለት በ«ፕ»፣ «ት»፣ «ክ»፣ «ፍ» ወይም ትንፋሽ ብቻ በሆነው የ«ቲ ኤች» ድምፅ ከሆነ፣ እንግዳዋም ሳትነዝር «ስ» ትላለች፤ ካፕስ፣ ጎትስ፣ ቡክስ፣ ሩፍስ። ቤቱ የሚነዝር ከሆነ እሷም «ዝ» ትላለች፤ ቤድዝ፣ ዶግዝ፣ ሂልዝ፣ ሪቨርዝ፣ ትሪዝ። አናባቢ ሁሉ ነዛሪ ነውና በአናባቢ የሚያልቁት በሙሉ በዚህኛው ወገን ናቸው። እንግዳዋና ባለቤቱ ከልክ በላይ ሲመሳሰሉ፣ ማለት ቃሉ ራሱ በ«ስ»፣ «ዝ»፣ «ሽ»፣ «ዥ»፣ «ች» ወይም «ጅ» ሲያልቅ፣ ሁለቱ እንዳይዋጡ አጭር «ኢ» በመካከል ትገባለች፤ ባሲዝ፣ ፎክሲዝ፣ ዲሺዝ፣ ቸርቺዝ፣ ብሪጂዝ።

ዳኛው ጆሮ እንጂ ጽሕፈት አለመሆኑን አጥብቀን እንንገራቸው። በደባርቅ ገበያ ሞልቶ የሚገኘው ድንች በእንግሊዝኛ ብዙ ሲሆን በ«ኢ» እና በ«ኤስ» ይጻፋል፤ የሚነበበው ግን «ፖቴቶዝ» ብቻ ነው፤ «ፖቴቶኢዝ» አይባልም። «ጎዝ» የተባለው ግሥም እንዲሁ ነው። «ኔምዝ» የሚለውን «ኔሚስ» የሚል ተማሪ ያየውን «ኢ» ለማንበብ ሲል ነው የሚሳሳተው። ጥቂት አፈንጋጮችም አሉ። «ሃውስ» ብዙ ሲሆን የራሱ «ስ» ሳይቀር ተለውጦ «ሃውዚዝ» ይሆናል። «ናይፍ» «ናይቭዝ» ይሆናል። «ሴይ» ላይ «ኤስ» ሲጨመር «ሴይዝ» መሆኑ ቀርቶ «ሴዝ» ይባላል። እነዚህን በሕግ ለማስረዳት መድከም ከንቱ ነው፤ እንደ ሰው ስም በቃል ይያዙ። ጥርጥር ሲገጥም የሆርንቢን የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት መግለጥ ነው። እኛም ይህን ስንጽፍ ሁለት ጊዜ ገልጠናል፤ አላፈርንበትም።

ለሕጉ መለማመጃ ያገኘነው ከሁሉ የተሻለ ነገር በመጽሐፉ ውስጥ አልነበረም፤ በስም መጥሪያው መዝገብ ላይ ነበር። የተማሪዎቹ ስም! «የዳዊት ደብተር» ለማለት «ዳዊትስ»፤ ብሩክ «ብሩክስ»፣ ዮሴፍ «ዮሴፍስ»። አበበ «አበበዝ»፣ ሙሉቀን «ሙሉቀንዝ»፣ ፋሲል «ፋሲልዝ»። የሴቶቹ ስም ደግሞ የተለየ በረከት አለው። ወርቅነሽ፣ አስናቀች፣ ፈለገች፣ አልማዝ፤ ሁሉም «ኢዝ» የሚጠይቁ ናቸው፤ ወርቅነሺዝ፣ አስናቀቺዝ፣ ፈለገቺዝ፣ አልማዚዝ። በ«ነሽ» እና በ«ች» የሚያልቅ ስም እንዲህ በብዛት ያለበት አገር ለዚህ ትምህርት የተሠራ ይመስላል። እያንዳንዱ ልጅ የጎረቤቱን ደብተር አንሥቶ የማን እንደሆነ ይናገራል። ስሙ የተበላሸበት ልጅ ራሱ ያርማል፤ መምህሩ አርፎ ይቀመጣል።

ይህ ዘዴ ከጨዋታነቱ ሌላ ቁም ነገር አለው። ጂን በርኮ የተባሉ አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተሙት ጥናት ለትንንሽ ልጆች የአንድ ምናባዊ እንስሳ ሥዕል አሳዩ። «ይህ ዋግ ነው» አሏቸው። ቀጥሎ ሁለት አሳይተው «እነዚህ ሁለት...» ብለው አቆሙ። ልጆቹ በሕይወታቸው ሰምተውት የማያውቁትን ቃል አብዛኞቹ «ዋግዝ» ብለው ጨረሱት። (እኛ አገር ዋግ ስንዴና ገብስ የሚያጠፋ በሽታ ስለሆነ ሁለት ዋግ አያሳየን።) በቃል የተሸመደደ ብዙ ቁጥር ቢሆን ኖሮ አዲሱን ቃል ባልቻሉት ነበር፤ ሕጉ ሳያውቁት በውስጣቸው ገብቷል ማለት ነው። በዚያው ጥናት በ«ስ» በሚያልቅ አዲስ ቃል ላይ ግን ብዙዎቹ «ኢዝ»ን ሳይጨምሩ ቀሩ፤ ያውም ብርጭቆዎች ለማለት «ግላሲዝ» ማለትን እያወቁ። አፍ የፈቱበት ልጆች እንኳ «ኢዝ» ላይ ከዘገዩ የእኛዎቹ ቢዘገዩ መቆጣት አይገባንም። «ወርቅነሺዝ» የምትለውን እንግሊዝ አልሰማትም፣ መጽሐፍ አልጻፋትም፤ ልጁ ከቻላት ሕጉ ገብቶታል።

አንድ ከዚህ የጠለቀ ችግር አለ፤ እኛም ዘግይተን ነው የተረዳነው። «ልብስ» የሚለውን ቃል ቀስ ብላችሁ በሉት። ከዚያ እንደ ወትሮው በሉት። ብዙዎቻችን ስንናገረው «ልፕስ» ወደ ማለት እንጠጋለን፤ የኋለኛው «ስ» የፊተኛውን «ብ» ንዝረቱን ይነጥቀዋል። «ገብስ»ም እንዲሁ ነው። በአማርኛ ምንም ጉዳት የለውም። በእንግሊዝኛ ግን ተማሪው የመጨረሻዋን «ዝ» «ስ» ካደረጋት ጥፋቱ በእሷ አይቆምም፤ ወደ ኋላ ሄዶ ጎረቤቷን ይነካል። «ካብዝ» «ካፕስ» ይሆናል፤ ታክሲው ባርኔጣ ሆነ። «ባግዝ» «ባክስ» ይሆናል፤ ቦርሳው ጀርባ ሆነ። «ቤድዝ» «ቤትስ» ይሆናል፤ አልጋው ውርርድ ሆነ። አንዷን ድምፅ አቃለን ስናይ ሙሉው ቃል ይሄዳል።

ቀጥሎ የምንናገረው በመማሪያ መጻሕፍት ብዙ ሲነገር አላየንም፤ ለጆሮ ግን ከሁሉ የበለጠው እሱ ሳይሆን አይቀርም። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ራሳቸው በዐረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ «ዝ»ን ሲሉ ንዝረቱ ደከም ይላል። ታዲያ «ፒስ»ን ከ«ፒዝ»፣ «ራይስ»ን ከ«ራይዝ»፣ «ፕራይስ»ን ከ«ፕራይዝ» እንዴት ይለያሉ? በአናባቢው ርዝመት ነው። ከ«ስ» በፊት ያለው አናባቢ ያጥራል፤ ከ«ዝ» በፊት ያለው ይረዝማል። ስለዚህ ተማሪው «ዝ»ን እንዲጮኽባት ከማስጨነቅ ይልቅ ከፊቷ ያለውን አናባቢ እንዲስብ ማድረግ ይሻላል፤ ፕራ...ይዝ፣ ፒ...ዝ። ሲያጥር እጅን እንደ መቁረጥ፣ ሲረዝም እጅን እንደ መዘርጋት እያሳየን ብናስተምር ይገባቸዋል። አማርኛችን የአናባቢን ርዝመት ለትርጉም መለያ ስለማያደርገው ይህን ጆሮአችን በራሱ አይሰማውም፤ መለመድ አለበት።

ይህ ነገር ለደባርቅ ልጅ የፈተና ነጥብ ብቻ አይደለም። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ያለው በከተማዋ ነው፤ ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ብዙ የውጭ አገር ሰው በዚህ በኩል አልፏል። አስጎብኚው፣ ስካውቱ፣ ወጥ ሠሪው፣ ባለ በቅሎው የሚያድሩት በሚናገሩት እንግሊዝኛ ነው። አንድ አስጎብኚ እንዳጫወተን፣ ጨነቅ ላይ ገደሉን እያሳየ ዋልያ ጥሩ ዓይን እንዳለው ለመናገር «ዋልያ ሃስ ጉድ አይስ» ይላል። እንግዶቹ በረዶ ፍለጋ ገደሉን ማየት ጀመሩ። ቦታው ብርዳም ስለሆነ ማንም ስሕተት ነው ብሎ አልጠረጠረም። «አይዝ» ማለት እንደነበረበት የገባው ማታ ድንኳን ውስጥ አንደኛው እንግዳ ሲነግረው ነው። «ስምንት ዓመት ሙሉ እንዲህ ስል ኖሬአለሁ፤ ያስተማሩኝም እንዲሁ ነበር የሚሉት» አለን። እኛ ይህን ስንሰማ የራሳችን «ሁ ኢስ አብሰንት» ጆሮአችን ላይ ጮኸ።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃና በከፍተኛ ትምህርት ደግሞ ማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ደንግጓል። በደርግ ጊዜ የሚጀመረው ከሦስተኛ ክፍል ነበር። አሁን ታዲያ ልጁ የመጀመሪያውን «ኢዝ» የሚሰማው ገና አማርኛ ማንበብ ሳይችል ነው፤ የሚሰማውም ከእኛ ነው። ከመካከላችን ወደ ጃናሞራ፣ ወደ በየዳ ወይም ከሊማሊሞ ቁልቁል ወደ አዲአርቃይ የሚመደብ ይኖራል። እዚያ ያለች ልጅ እንግሊዝኛን ፊት ለፊት የምትሰማው ከአንድ ሰው አፍ ብቻ ሊሆን ይችላል። ያ ሰው «ዋስ» ካለ «ዋስ» ትላለች፤ እሷም ነገ መምህር ሆና...

አንድ ሕመም ግን ከዚህ ጋር እንዳይደባለቅብን። ተማሪው «ቱ ቡክ» ወይም «ሺ ቲች» ብሎ «ኤስ»ን ጨርሶ ሲጥላት ጉዳዩ የድምፅ አይደለም። በአማርኛ «ሁለት መጽሐፍ»፣ «አምስት ጆንያ ድንች» ማለት ትክክል ነው፤ ቁጥሩ ብዛቱን ከነገረን ስሙ ላይ «ኦች» መጨመር ግድ አይደለም። ለዚህ ልጅ ስለ ጉሮሮ ንዝረት ብንነግረው በሽታውን ሳናውቅ መድኃኒት ሰጠን ማለት ነው። ሰዋስው ነው የሚያስፈልገው። ነገሩን አጥብቀን ስናስተምር ደግሞ «ሺፕስ» የሚል ይመጣል፤ በግ በእንግሊዝኛ አንድም ቢሆን መቶ «ሺፕ» መሆኑን በጊዜ መናገር ነው።

«ዴስክስ»፣ «አስክስ»፣ «ቴስትስ» የሚሉት ደግሞ ሌላ ናቸው። አማርኛ ቃሉን በሁለት ተነባቢ ይዘጋል እንጂ በሦስት አይዘጋም። ልጁ ስለዚህ አንዲት አጭር አናባቢ ሰርስሮ «ዴስክእስ» ይላል። ቀጥሎ በአናባቢ የሚጀምር ቃል ማስከተል ነው መላው፤ የመጨረሻዋ «ስ» ወደሚቀጥለው ቃል ትሻገርና ሸክሙ ይቀላል። «አስክስ አበበ» ለማለት «አስክ ሳበበ» ብለው ይሞክሩት። ምላስ ወዲያው ይፈታል።

አሁን ከመምህሮቻችን ጋር የምንለያይበት ነጥብ ቀረ። በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ የአማርኛ ፊደል ሰሌዳ ላይ መውጣት የለበትም የሚሉ አሉ። ምክንያታቸውን እናከብራለን፤ ልጁ ፊደሉን ተደግፎ ይቀራል፤ ሳድሷ ደግሞ ታታልላለች፤ «ካትስ» ብለን ስንጽፍ «ት»ን አናባቢ እየሰጠ «ካትእስ» ሊላት ይችላል። እውነት ነው። ሆኖም ግን እንግሊዝኛ የደበቀውን ልዩነት የሚገልጡ ሁለት ፊደላት፣ ስ እና ዝ፣ በልጁ እጅ እያሉ ዝም ማለት አባካኝነት ይመስለናል። የምናቀርበው ሙሉውን ቃል በፊደል መጻፍን አይደለም። የእንግሊዝኛው ቃል በራሱ ፊደል ይጻፋል፤ ከመጨረሻዋ «ኤስ» ሥር ብቻ በቀለም ጠመኔ ትንሽ «ዝ» ወይም «ስ» ትቀመጣለች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ትጠፋለች። ከዚያ ወዲያ «ኤስ»ን ሲያዩ ከሥሯ የጠፋችውን ማስታወስ የልጆቹ ሥራ ነው። የሚቃወም መምህር ወይም ሠልጣኝ ካለ በሚቀጥለው ዕትም ዓምዱ ክፍት ነው።

እኛ ይህን ዘዴ በዚያው ክፍል የሞከርነው በቀሩን ሁለት ሳምንታት ነበር። የመጀመሪያውን ቀን ሰሌዳውን ለሦስት አልከፈልንም። ወንዝ፣ ጋዝ፣ ሩዝ፣ ፈረስ፣ ገብስ፣ ጥርስ እያልን ስንጠራ «ዝ» የሰማ ይነሣል፣ «ስ» የሰማ ይቀመጣል። ከዚያ ሳናስጠነቅቅ «ኢዝ» አልን፤ ግማሹ ክፍል ተነሣ፤ ግማሹ ተቀምጦ ተያየ። «ዚስ» አልን፤ ተቀመጡ። ሕጉን በሰባተኛው ቀን ጻፍን፤ ያን ጊዜ ከእነርሱ ብዙዎቹ ቀድመውን ያውቁት ነበር። እኛም በየዕለቱ አንዱ ሲያስተምር ሌላው ከኋላ ተቀምጦ «ኢስ» እና «ዋስ» ያለበትን እየቆጠረ ይጽፍ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ዝርዝር ረጅም ስለነበር እዚህ አናወጣውም።

በመጨረሻው ቀን ያቺ ልጅ ደብተር ይዛ መጣች። እናቷ እንዴት እንደሆኑ ጠየቅናት። «ማይ ማዘር ኢዝ ፋይን ናው» አለች። «ሺ ዋስ...» ብላ ቀጠለችና ቆም አለች፤ እጇን ወደ ጉሮሮዋ ወስዳ ጥቂት አሰበችና «ሺ ዎዝ ሲክ» ብላ ጨረሰች።